ኬ ሶል እና ቢ ሶል፦ ሁለት የስሌት መንገዶች የተለያየ ቁጥር ሲሰጡ የትኛው ይታመናል?

መምህር ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁም። ደሴ ከተማ ውስጥ ባዮኬሚስትሪ አስተምራለሁ። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችን የፕሮቲን ቅርጽ ከኤክስሬይ መረጃ እንዴት እንደሚወጣ በእጃቸው እየሠሩ እንዲረዱት ስለምፈልግ፣ ከፕሮቲን ዳታ ባንክ በነጻ የሚገኝ የእንቁላል ነጭ ላይሶዛይም መረጃ አውርደን በላፕቶፕ ላይ ሪፋይንመንት፣ ማለትም የአቶሞቹን ሞዴል ከተለካው መረጃ ጋር የማስማማት ሥራ፣ እንሠራለን። የስትራክቸር ፋክተር (ክሪስታሉ የሚበትነው የእያንዳንዱ ጨረር መጠን) ፋይል ትንሽ በመሆኑ ኢንተርኔቱ ደካማ በሆነበት ሰዓትም ይወርዳል፤ ስሌቱም መብራት ቢጠፋ በባትሪ ይጠናቀቃል። ስለዚህ የኤክስሬይ መሣሪያ በአቅራቢያ አለመኖሩ ትምህርቱን አላገደውም።

ጥያቄዬ በክሪስታሉ ውስጥ ያለውን ያልተደራጀ አሟሚ፣ ማለትም ባልክ ሶልቨንት የሚባለውን፣ ለማረም የሚያገለግሉትን ሁለት መለኪያዎች፣ የእርማቱን መጠን የሚሰጠውን ኬ ሶል እና እርማቱ ከሪዞሉሽን ጋር የሚዳከምበትን ፍጥነት የሚሰጠውን ቢ ሶል፣ ይመለከታል። የያዝነው መረጃ ከ8 እስከ 1.9 አንግስትሮም ያለውን የሪዞሉሽን ክልል ይሸፍናል (ቁጥሩ ሲያንስ ዝርዝሩ ይጎላል፤ ዝቅተኛ ሪዞሉሽን የሚባለው የአንግስትሮሙ ቁጥር ትልቅ የሆነበት ነው)። በባቢኔ መርህ ላይ የተመሠረተውን እርማት ስንመርጥ ኬ ሶል 0.83፣ ቢ ሶል ደግሞ 190 ይወጣል። በማስክ የሚሠራውን ስንመርጥ 0.45 እና 70 እናገኛለን። ተማሪዎቹ በጽሑፎች ላይ ተደጋግሞ የሚያዩት ዋጋ ግን 0.35 እና 46 አካባቢ ነው። አር ፋክተሩ፣ ማለትም ሞዴሉ ከተለካው መረጃ የሚለይበት መጠን፣ በሁለቱም መንገድ ተቀራራቢ ስለሆነ እሱን አይተን መወሰን አልቻልንም። እነዚህ ቁጥሮች አካላዊ ትርጉም ያላቸው ናቸው ወይስ አር ፋክተርን ለማውረድ ብቻ የሚስተካከሉ ናቸው? ትርጉም ካላቸው፣ የተለመደውን 0.35 እና 46 በእጅ አስገብቶ መሥራት ተገቢ ነው ወይ? ጊዜ ወስዶ ለሚያስረዳኝ ሁሉ ከወዲሁ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

መምህር፣ እንደምን አሉ። ከመጨረሻው ልጀምርና፣ ቁጥሮቹ አካላዊ ትርጉም አላቸው። ትርጉማቸውን ሳያውቁ የሚያወጧቸው ሰዎች ብዙ መሆናቸው ሁልጊዜ ያሳስበኛል፤ ተማሪዎችዎ ገና ከጅምሩ ይህን በመጠየቃቸው ደስ ብሎኛል። ሁለተኛው ነገር፣ ከሁለቱ መንገዶች የወጡትን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጎ ማወዳደር አይቻልም፤ የጋራ ስም ይኑራቸው እንጂ የሚለኩት ነገር ለየቅል ነው።

የፕሮቲን ክሪስታል ደረቅ አይደለም። ማቲውስ በ1968 ባወጣው ጥናት ላይ አብዛኞቹ ክሪስታሎች ከ27 እስከ 65 በመቶ የሚሆነው ይዘታቸው አሟሚ ሆኖ ተገኝቷል። የእናንተን ክሪስታል ብንወስድ፣ የተለመደው ቴትራጎናል ላይሶዛይም ከሆነ፣ የሴሉ (እየተደጋገመ ክሪስታሉን የሚሠራው አሃድ) ጎኖች በግምት 79፣ 79 እና 37 አንግስትሮም ናቸው፤ በውስጡም እያንዳንዳቸው 14,300 ዳልተን ገደማ የሚመዝኑ 8 ሞለኪውሎች አሉ። ይዘቱን ለጠቅላላው ክብደት ስናካፍል 2.0 ኪዩቢክ አንግስትሮም በዳልተን ገደማ ይመጣል፤ ይህም 40 በመቶ የሚጠጋው አሟሚ ነው ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ በፕሮቲኑ ገጽ ላይ ቦታቸውን ይዘው የተቀመጡትን ጥቂት የውሃ ሞለኪውሎች አንድ በአንድ በሞዴሉ ውስጥ እናስገባቸዋለን። የቀረው እንደ ልቡ የሚንቀሳቀስ ፈሳሽ ስለሆነ በአቶም ሊወከል አይችልም።

ይህን ፈሳሽ ብንተወው፣ ስሌቱ ፕሮቲኑ በባዶ ቦታ ውስጥ የተንጠለጠለ ያህል ይቆጥረዋል። የፕሮቲን አማካይ የኤሌክትሮን እፍግታ 0.43 ኤሌክትሮን በኪዩቢክ አንግስትሮም አካባቢ ሲሆን የንጹሕ ውሃ 0.334 ነው። እውነተኛው ልዩነት በ0.43 እና በ0.334 መካከል ያለው ትንሽ ክፍተት ሆኖ ሳለ፣ ስሌቱ በ0.43 እና በዜሮ መካከል ያለውን ይወስዳል። በክረምት ጭጋግ ደሴን ሲሞላት የጦሳ ተራራ ለዓይን የሚታየው ከጭጋጉ በላይ ባለው ቁመቱ ብቻ እንደሆነ ሁሉ፣ ኤክስሬዩም በዝቅተኛ ሪዞሉሽን የሚያየው ፕሮቲኑ ከፈሳሹ በላይ ያለውን ትርፍ ነው። ስለዚህ እርማት ካልተደረገ በዝቅተኛ ሪዞሉሽን ያሉት የተሰሉ ስትራክቸር ፋክተሮች ከተለኩት እጅግ ይበልጣሉ፤ በዚያ ክልል ውስጥ አር ፋክተር ከ0.5 በላይ ቢወጣ የሚያስገርም አይደለም።

ወደ ሁለቱ መንገዶች ስንመጣ፣ በማስክ የሚሠራው፣ ብሩንገር እና ጂያንግ በ1994 ካሳተሙት ሥራ ወዲህ በሰፊው የተለመደው፣ ከፕሮቲኑ ውጭ ያለውን ቦታ ሁሉ በአንድ ወጥ እፍግታ ይሞላዋል። ከዚህ ማስክ የሚሰላው ስትራክቸር ፋክተር በኬ ሶል ተባዝቶ፣ በቢ ሶል መጠን እየተዳከመ፣ በአቶሞቹ ላይ ይደመራል። እንግዲህ እዚህ ኬ ሶል የፈሳሹ የኤሌክትሮን እፍግታ ራሱ ነው፤ መለኪያውም ኤሌክትሮን በኪዩቢክ አንግስትሮም ነው። ፎኪን እና ኡርዡምትሴቭ በ2002 ብዙ የተመዘገቡ ቅርጾችን መርምረው አማካዩ 0.35 እና 46 አካባቢ መሆኑን ያሳዩትም በዚህ መንገድ ለተሠሩት ነው።

በባቢኔ መርህ የሚሠራው ግን ማስክ አይሠራም። የፈሳሹ ስትራክቸር ፋክተር በፌዝ (በሞገዱ መነሻ ቦታ) ከፕሮቲኑ ተቃራኒ፣ በመጠን ደግሞ ከፕሮቲኑ ጋር ተመጣጣኝ ነው ብሎ ይነሣና፣ የፕሮቲኑን ስትራክቸር ፋክተር ራሱን በአንድ ክፍልፋይ ይቀንሰዋል። ያ ክፍልፋይ የፈሳሹ እፍግታ ለፕሮቲኑ እፍግታ ሲካፈል የሚገኘው ስለሆነ መለኪያ የለውም። 0.334 ለ0.43 ሲካፈል 0.78 ገደማ ይሆናል፤ ፈሳሹ ጨው ሲኖረው ደግሞ ከዚያ ከፍ ይላል። ስለዚህ የእናንተ 0.83 በራሱ ቤት ጤናማ ቁጥር ነው።

ቢ ሶልም እንዲሁ ነው። አስተዋጽኦው የሚዳከምበትን ፍጥነት በ46 ስናሰላው፣ በ10 አንግስትሮም 0.89፣ በ5 አንግስትሮም 0.63፣ በ3 አንግስትሮም 0.28፣ በ2 አንግስትሮም 0.06 እናገኛለን። በ200 ስናሰላው ግን በ10 አንግስትሮም 0.61፣ በ5 አንግስትሮም 0.14 ይሆንና በ3 አንግስትሮም ፈጽሞ ይጠፋል። የባቢኔው መንገድ ይህን ያህል ትልቅ ቢ ሶል የሚያስፈልገው፣ ተቃራኒ ፌዝ የሚለው ግምት በትክክል የሚሠራው ከ15 አንግስትሮም በሚበልጠው ርቀት ብቻ ስለሆነ ነው። ከዚያ ወዲህ የፕሮቲኑ የውስጥ ዝርዝር መታየት ይጀምራል፤ ፈሳሹ ደግሞ የውስጥ ዝርዝር ስለሌለው ግምቱ ይፈርሳል። የእኔ ምክር በማስክ የሚሠራውን መጠቀም ነው። ሬፍማክን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ሁለቱንም ደርበው እንዲሠሩ ማዘዝ ስለሚቻል፣ ሁለቱ አብረው ከተሠሩ የአንዱን ቁጥር ነጥሎ መተርጎም እንደማይቻል ለተማሪዎቹ ይንገሯቸው።

ሐይቅ ዳር

የቦርከና ዳር የተናገሩት ትክክል ነው፤ እኔ ግን ዋናው ችግር በመረጃው ላይ እንዳለ አምናለሁ። መምህር፣ መረጃችሁ ከ8 አንግስትሮም ነው የሚጀምረው። ኬ ሶልን የሚወስኑት ሪፍሌክሽኖች (ክሪስታሉ በትኗቸው የተለኩት ጨረሮች) ደግሞ በአመዛኙ ከ8 አንግስትሮም በላይ ያሉት ናቸው፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ምስክሮቹ በሌሉበት እንዲፈርድ ተጠይቋል።

ይህን በወረቀት ላይ ማየት ቀላል ነው። 0.35 እና 46ን በአንድ ወገን፣ እናንተ ያገኛችሁትን 0.45 እና 70 በሌላ ወገን አስቀምጡና የፈሳሹ አስተዋጽኦ የሚባዛበትን ቁጥር አስሉ። በ5 አንግስትሮም ሁለቱም 0.22 ይሰጣሉ። በ6 አንግስትሮም 0.25 እና 0.28 ናቸው። በ20 አንግስትሮም ግን 0.34 እና 0.43 ይሆናሉ። እንግዲህ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው እናንተ ዘንድ ምንም መረጃ በሌለበት ክልል ነው። ኬ ሶል ሲጨምር ቢ ሶልም አብሮ እየጨመረ እርስ በርስ ይካካሳሉ፤ አር ፋክተሩም የማይንቀሳቀሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ከ8 አንግስትሮም በላይ ያሉት ሪፍሌክሽኖች ለእናንተ ክሪስታል እስከ 1.9 አንግስትሮም ካለው ጠቅላላ ቁጥር ከ1 እስከ 2 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው። በቁጥር ትንሽ ይሁኑ እንጂ ከብርቱዎቹ መካከል ናቸው፤ በካርታው ላይ ፕሮቲኑን ከፈሳሹ የሚለየውን ድንበር የሚሰጡትም እነሱ ናቸው። የሚጠፉበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ተራ ነገር ነው። ቀጥተኛውን ጨረር የሚያቆመው ብረት፣ ቢምስቶፕ የሚባለው፣ ጥላውን ይጥልባቸዋል፤ ወይም ከመጠን በላይ ብርቱ ስለሆኑ ዲቴክተሩ ጠግቦ በትክክል ሳይለካቸው ይቀራል። አንዳንዴ ደግሞ የአሟሚ እርማት ባልነበረበት ዘመን ከተለመደ ልማድ የተነሣ ሆን ተብሎ ይቆረጣሉ። ያ ልማድ በዘመኑ ምክንያት ነበረው፤ ዛሬ ግን ምክንያቱ የለም፤ ስለዚህ የተለካ ዝቅተኛ ሪዞሉሽን መረጃ መቁረጥ ኪሳራ ብቻ ነው እላለሁ።

በእጅ ስለማስገባት ለጠየቁት፣ መረጃው በእርግጥ ከሌለ 0.35 እና 46ን አስገብቶ መያዝ ፕሮግራሙ ያለ ማስረጃ እንዲንከራተት ከመፍቀድ ይሻላል። ነገር ግን ይህን የመጨረሻ አማራጭ አድርጉት፤ ትክክለኛው ኬ ሶል ክሪስታሉ ባደገበት ፈሳሽ ላይ ይመሠረታልና። አንድ ሞላር የገበታ ጨው ባለበት ውሃ ውስጥ እፍግታው 0.34 ገደማ ነው፤ ላይሶዛይም ብዙውን ጊዜ በዚህ ዓይነት ፈሳሽ ውስጥ ስለሚያድግ ከ0.35 ብዙም አይርቅም። በሦስት ሞላር አሞኒየም ሰልፌት ውስጥ ያደገ ክሪስታል ግን 0.39 ገደማ ሊኖረው ይገባል። ይህን ለማስላት የፈሳሹን ክብደት፣ የጨውና የውሃውን ሞል፣ በእያንዳንዱ ሞለኪውል ውስጥ ያለውን የኤሌክትሮን ቁጥር ማወቅ ብቻ ይበቃል፤ ለሁለተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪም የማይከብድ ሥራ ስለሆነ ለተማሪዎቹ የቤት ሥራ ቢሰጧቸው ደስ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ማስኩ 0.15 ወይም 0.6 ቢያወጣ ማንም ሳይነግራቸው አንድ ነገር እንደተበላሸ ያውቃሉ።

የፒያሳዋ ተማሪ

በመምህሬ ፈቃድ እኔም ልጠይቅ። እየሠራሁ ያለሁት ሦስት የኤን አሴቲል ግሉኮሳሚን ስኳሮች በተያያዙበት ላይሶዛይም ላይ ነው። ስኳሮቹን ገና በሞዴሉ ውስጥ አላስገባሁም፤ በኢንዛይሙ ስንጥቅ ውስጥ የሚታየው የልዩነት ካርታ (በተለካውና ከሞዴሉ በተሰላው መካከል ያለውን ልዩነት የሚያሳየው) ግን ከጠበቅሁት በላይ ደካማ ነው። ማስኩ ይህን ሊያደርግ ይችላል? የማስኩን ራዲየስ እየለዋወጥሁ አር ፍሪ (ለሪፋይንመንቱ ሳይውሉ ለፍተሻ ከተለዩ ሪፍሌክሽኖች የሚሰላው አር ፋክተር) ዝቅ የሚልበትን ብመርጥ ተገቢ ይሆናል ወይ?

የቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

እህቴ፣ አዎን፣ ሊያደርግ ይችላል። ማስኩ ሲሠራ በመጀመሪያ እያንዳንዱ አቶም በራሱ ራዲየስ ላይ የአሟሚ ራዲየስ ተጨምሮበት ያብጣል፤ ከዚያ በኋላ ድንበሩ በሌላ ራዲየስ ወደ ውስጥ ይመለሳል። በፊኒክስ ፕሮግራም ውስጥ የተለመዱት ዋጋዎች 1.1 እና 0.9 አንግስትሮም አካባቢ ናቸው። ከዚህ ውጭ የቀረው ቦታ ሁሉ ፈሳሽ ነው ተብሎ ይሞላል። የላይሶዛይም ስንጥቅ ሰፊና ወደ ውጭ ክፍት ነው፤ ስኳሮቹ በሞዴሉ ውስጥ እስካልገቡ ድረስ ማስኩ በፈሳሽ ይሞላዋል። የልዩነት ካርታው የሚያሳይሽም ስኳሮቹ ከዚያ ፈሳሽ በላይ ያላቸውን ትርፍ ብቻ ነው። በክሪስታሉ ውስጥ ካሉት ሞለኪውሎች ከፊሎቹ ብቻ ስኳር የያዙ ከሆነ ይህ ትርፍ ይበልጥ ያንሳል።

ለዚህ የሚረዳው በ2017 የወጣው ፖልደር ካርታ የሚባለው ዘዴ ነው። በመረጥሽው ቦታ ዙሪያ ማስኩ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ደካማው ምልክትም ጎልቶ ይወጣል። ነገር ግን አንድ ነገር እንዳትዘነጊ፦ ማስኩ ከተከለከለ ተራ ፈሳሽም ቢሆን እዚያ ቦታ ላይ እፍግታ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ብርቱ ጉብታ ስላየሽ ብቻ ስኳር ነው ብለሽ አትወስኚ። ፕሮግራሙ በቦታው ስኳር ቢኖርና ፈሳሽ ብቻ ቢኖር ሊታይ የሚገባውን ካርታ ለየብቻ አስልቶ ከእውነተኛው ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል በቁጥር ያቀርባል፤ ያንን አንብቢ፤ ከዚያም የስኳሩ ቀለበት ቅርጽ በካርታው ላይ መለየቱን በዓይንሽ አረጋግጪ።

ተቃራኒው ጥፋትም አለ። በፕሮቲኑ ውስጥ ዘይታማ ግድግዳ ያለው ባዶ ጉድጓድ ሲኖር ማስኩ እዚያም ፈሳሽ ሊያፈስ ይችላል፤ በእውነቱ ግን ውሃ አይገባበትም። ውጤቱ በልዩነት ካርታው ላይ በጉድጓዱ መካከል የሚታይ አሉታዊ እፍግታ ነው። እንዲህ ያለ ምልክት ስታዪ አቶሞቹን ለማንቀሳቀስ ከመቸኮልሽ በፊት ማስኩን መርምሪ።

ራዲየሱን በአር ፍሪ ስለመምረጥ፣ ለሙከራ ማድረጉ አይከፋም፤ ግን ተጠንቀቂ። ከ8 አንግስትሮም በላይ ያሉት የእናንተ ሪፍሌክሽኖች ቢሟሉ እንኳ ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ያህል ናቸው። ለአር ፍሪ 5 በመቶ ከተለየ፣ በዚያ ክልል ውስጥ ያሉት ነጻ ሪፍሌክሽኖች ከአሥር አይበልጡም። በአሥር ቁጥሮች ላይ ተመሥርቶ የሚታይ መሻሻል በአጋጣሚም ይመጣል። እኔ ብሆን የተለመደውን ራዲየስ ትቼ የምሄደው በካርታው ላይ የሚታይ ግልጽ ምክንያት ሲኖረኝ ብቻ ነው።

ሐይቅ ዳር

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ ጉዳይ ልጨምር። ተማሪዎቹ ከፕሮቲን ዳታ ባንክ የሚያወርዱትን የቅርጽ ፋይል ሲከፍቱ፣ በሪማርክ 3 ሥር እርማቱ በየትኛው ዘዴ እንደተሠራ የሚገልጽ መስመር አለ። ኬ ሶልን ከማንበባቸው በፊት ያንን መስመር ያንብቡ። በአንዳንድ ፋይሎች ላይ ቁጥሩ ባዶ ሆኖ ይገኛል፤ ይህ ማለት ግን እርማት አልተሠራም ማለት አይደለም። አፎኒን እና ባልደረቦቹ በ2013 ካቀረቡት ዘዴ ወዲህ ፊኒክስ በእያንዳንዱ የሪዞሉሽን ክፍል ለማስኩ የተለየ ማባዣ ያሰላል፤ አንድ ኬ ሶል እና አንድ ቢ ሶል ብሎ የሚጠቀልለው ነገር አይኖርም። እንዲህ ባለ ጊዜ መታየት ያለበት ማባዣው ከሪዞሉሽን ጋር የሚወርድበት መልክ ነው። በዝቅተኛ ሪዞሉሽን 0.35 አካባቢ ጀምሮ ወደ 3 አንግስትሮም ሲጠጋ ከወረደ ጤናማ ነው፤ በመካከል የሚዘል ወይም በመነሻው ላይ ወደ ዜሮ የሚወድቅ ከሆነ የተበላሹ ሪፍሌክሽኖች መኖራቸውን ጠርጥሩ።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ፈሳሹ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ነው የሚለው መነሻ ራሱ እየተሻሻለ ነው። ማስኩን ተለያይተው ወደሚገኙ ክፍሎች ከፍሎ ለእያንዳንዱ የራሱን እፍግታ የሚሰጥ አሠራር በፊኒክስ ውስጥ ገብቷል። የቦርከና ዳር ላነሡት ዘይታማ ጉድጓድ ይህ ቀጥተኛ መፍትሔ ነው፤ ለዚያ ክፍል የሚወጣው እፍግታ ወደ ዜሮ ይጠጋልና።

መምህር ከደሴ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ዕውቀት ይጨመርላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ላረጋግጥ። ዝቅተኛ ሪዞሉሽን ያልጎደለበት ሌላ የላይሶዛይም መረጃ ባገኝ፣ ያንኑ መረጃ አንድ ጊዜ ሙሉውን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በ8 አንግስትሮም ቆርጬ ብሠራው ተማሪዎቹ ልዩነቱን በግልጽ ያዩታል?

የቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

ያዩታል፤ ከዚህ የተሻለ ማሳያም አላውቅም። በሁለቱም ጊዜ ማስኩን፣ ራዲየሱን እና የአር ፍሪ ምርጫውን አንድ ዓይነት አድርገው ይያዙ፤ የሚለወጠው የሪዞሉሽኑ ወሰን ብቻ ይሁን። ጠቅላላ አር ፋክተሩን ብቻ ሳይሆን በየሪዞሉሽኑ ክፍል ያለውን ያውጡ፤ ጠቅላላው በከፍተኛ ሪዞሉሽን ባሉት ብዙ ሪፍሌክሽኖች ስለሚሸፈን የፈሳሹን ጉዳይ ይደብቀዋል። በተጨማሪም እርማቱን ፈጽሞ አጥፍተው አንድ ጊዜ ያስኬዱት፤ በዝቅተኛው ክፍል ላይ አር ፋክተሩ ምን ያህል እንደሚዘል ሲያዩ ፈሳሹ በክሪስታሉ ውስጥ መኖሩን በቃል ማስረዳት አያስፈልግዎትም።

መረጃ ሲመርጡ የሴሉን መጠን አስቀድመው ይመልከቱ። 79 አንግስትሮም ጎን ላለው የእናንተ ክሪስታል የመጀመሪያው ሪፍሌክሽን በ56 አንግስትሮም ገደማ ይገኛል። ስለዚህ ከ30 አንግስትሮም አካባቢ ጀምሮ የተሟላ መረጃ ካገኙ ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ ሙሉነቱ በዝቅተኛው ክፍል ከ95 በመቶ በላይ መሆኑን ግን ከመጀመርዎ በፊት ያረጋግጡ። እኔ ዘንድ ይህን የሚያሟሉ የተመረጡ ፋይሎች አሉ። ኢንተርኔቱ ካስቸገረ ወደ ደሴ ስወጣ በፍላሽ አመጣልዎታለሁ፤ አብሽሩ።